የፍርስራሹ ልክ

አባቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ በእጃቸው ያልለኩትን ነገር አያምኑም። ጓሮ ያለውን አሮጌ ጋራዥ አስፈርሰው አትክልት ሊተክሉ ሲነሱም፣ በልብስ ሰፊ ሜትራቸው ግድግዳውን ዙሪያውን ለኩና «ፍርስራሹን ለማስወሰድ ሁለት የጭነት መኪና ይበቃል» ብለው በጀታቸው ላይ ጻፉ።

አፍራሹ መጥቶ አየና፣ «ሦስት ያስፈልጋል። ግንብ ሲፈርስ ይበዛል» አላቸው።

«እንዴት ተደርጎ! እኔ የቀደድኩት ጨርቅ አንድም ቀን በዝቶልኝ አያውቅም!» ብለው ቱግ አሉ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ እረፍት ነሳቸው። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ጡብ ይዘው ከች አሉ። ለጡቡ ልክክ የሚል የካርቶን ሳጥን ሰፉለት። ከዚያ ጡቡን በመዶሻ ሰባበሩና ስብርባሪውን ወደ ሳጥኑ መለሱት። ሞልቶ ተረፈ! የተረፈውን በእፍኛቸው ይዘው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ይሄኔ የወጥ ቤቱ በር በነፋስ ጓ ብሎ ተዘጋ። እናቴ ከውስጥ ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ! በሩን የማስደግፍበትን ጡብ የት አደረስከው?»

አባባ እፍኛቸውን አዩ።

«አለ» አሉ፤ «እንዲያውም በዝቷል።»