ከመሐሉ የወሰድኩት ጉርሻ

እስከ ትናንት ድረስ ይህችን ነገር ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ለንስሐ አባታችን ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ተሳደብኩ ብያለሁ፣ ሰከርኩ ብያለሁ፣ ሰው ተማታሁ ብያለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ ምናልባት ለእርስዎ መናገር የቻልኩት ለዚህ ይሆናል። ብቻ አይዘኑልኝ።

በያጅ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መገናኛ አካባቢ በርና መስኮት ስበይድ ኖሬያለሁ፤ ቤቴ ኮተቤ ነው። ክረምት ገብቶ ነፋሱ ከእንጦጦ እየወረደ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጨው፣ እሑድ እሑድ ለቤተሰቡ ገንፎ የማገነፋው እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ! ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል። የገብሱ ዱቄት እንዳይጓጉል ድስቱን በጨርቅ ጨብጦ እስኪያልብ ማማሰል ነው። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ቅቤውን ከበርበሬው ጋር ታቀልጣለች። እኔ ሳህኑ ላይ ቆልዬ መሐሉን በጭልፋ ጀርባ አጎደጉደዋለሁ፣ እሷ ቅቤውን ታፈስበታለች። ከዚያ ሁላችንም ከዳር ከዳር እንጀምራለን። ለምን? ዳሩ ቶሎ ስለሚበርድ ነዋ! መሐሉ እሳት ነው። ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ታዲያ እኔ ያገነፋሁት ሰውዬ አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ልጄ ሜሮን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወንድም ጋሼ ከነሚስቱ ከሲ.ኤም.ሲ ሊጠይቀን መጣ። ታላቄ ነው፤ ተምሮ ቢሮ የገባ፣ ቪላ የሠራ። የቪላውን በር የበየድኩለት እኔ ነኝ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ እኛ ገንፎውን ከበን ተቀምጠናል። ወንድም ጋሼ ከዳር ቆረሰና ሜሮንን አጎረሳት፤ እየሳቀች ጎረሰች። ቀጥዬ እኔ እጄን ዘረጋሁ። ፊቷን አዞረችብኝ።

«አባዬ ደግሞ! እጅህ ግሪስ ግሪስ ይሸታል» አለች።

የወንድሜ ሚስት ሳቀች፣ ወንድም ጋሼም ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ የልጅ ነገር ብለው ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይህ እጅ ለማን ብሎ ነው የጠቆረው? ማንን ሲያስተምር፣ ማንን ሲያለብስ ነው? ይኸው፣ ገና ከአሁኑ ሰበብ መደርደር ጀመርኩ። ሰበቡን ይተዉት። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እጄን ወደ ሳህኑ መለስኩ። ከዳሩ አልቆረስኩም። ከመሐሉ፣ ቅቤው ከሚንተከተክበት፣ ትልቅ አድርጌ ዘገንኩ። በግራ እጄ ማጅራቷን ያዝኩ። «አፈር ስሆን! በሞቴ!» አልኩ እየሳቅኩ፣ ያው ሰው ሲያጎርስ እንደሚለው። እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት ጨመርኩባት። ልትተፋው ስትል መዳፌን አፏ ላይ ገጠምኩት። «ዋጪ! ዋጪ!» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሰው ሁሉ ፍቅር መሰለው። ከመዳፌ ሥር ስትጮኽ ድምጿ እጄን ያንቀጠቅጠው ነበር። እግሯ ሲወራጭ ሳህኑን ገለበጠው። ዓይኗ ዓይኔን ይዞታል። ያኔ ለቀቅኳት? አልለቀቅኳትም። አንዴ ደግሜ ተጫንኳት፣ ከዚያ ነው የለቀቅኳት።

መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው አስካለ ናት። የልጅቷ ምላስ ነጭ ሆኖ ተልጦ ነበር። አቅፌያት በዝናቡ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ነርሷ ማን እንዳበላት ስትጠይቅ፣ «እኔ ነኝ፤ የበያጅ እጅ አይደል፣ ሙቀት አይሰማኝም፤ የበረደ መስሎኝ ነው» አልኩ። ሁሉም አመነኝ። የጋለ ብረት ሳነሳ ስንቱ ሰው አይቶኛል። ይስሙኝ እንግዲህ፦ ያን ቀን ተሰምቶኛል። ሦስት ጣቶቼ ውኃ ቋጥረው ነበር፤ ኪሴ ውስጥ እየከተትኩ ሳምንት ሙሉ ደበቅኳቸው።

ምነው በዚህ ባበቃ ኖሮ! ቤት ስንመለስ አስካለ እያለቀሰች «እንዴት እንዲህ ታቃጥላታለህ?» አለችኝ። በጥፊ አጮልኳት። ምድጃውን በእርግጫ ገለበጥኩት። «ያቃጠልሻት አንቺ ነሽ! ማን ቅቤውን እንዲህ አፍልተሽ አምጪ አለሽ?» ብዬ አንባረቅኩባት። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተመቸኝ። ለወንድም ጋሼ ደገምኩት፣ ለጎረቤት ደገምኩት፣ ለሜሮን ደገምኩት። በመጨረሻ አስካለ ራሷ አመነችው።

ከዚያ ምን አደረገች መሰለዎት? ሄዳ ተናዘዘች። የእኔን ኃጢአት እሷ ተናዘዘችው! ጾምና ስግደት ቀኖና ተሰጣት። በሚያማት ጉልበቷ፣ በዚያ ዳገት፣ በዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚያንሸራትተው ጭቃ፣ እየሄደች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰገደች። ጃንጥላ ይዤ የምከተላት እኔ ነበርኩ። ግንባሯ መሬት ሲነካ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ መነሳት ሲያቅታት ደግፌያታለሁ፤ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል» ብያታለሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ እኔ? ከጥፊው ይልቅ ያ «አይዞሽ» ያንገሸግሸኛል።

ሜሮን አደገች፣ ትኩስ ነገር ግን አፏ አይገባም። ክረምቱን ሙሉ እኛ ሾርባውን እየነፋን ስንጠጣ፣ እሷ የራሷን አቀዝቅዛ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትጠጣለች። ለሰው ስታወራው «እማዬ ቅቤውን አፈላችው፣ አባዬ ደግሞ በፍቅር አቃጠለኝ» ትላለች። እንዲህ ስትል አብሬያት እስቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወለደችና እኛ ቤት ልትታረስ መጣች። የአራስ ገንፎ የእናት እጅ ነው። አስካለ ግን ምድጃው ጋ አልደርስም አለች። «ይህ እጅ አንዴ አቃጥሏታል፤ ለአራስ ልጄ አላገነፋም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሜሮን ከአልጋዋ «እማዬ፣ ካንቺ እጅ ካልሆነ አልበላም» እያለች ትለምናታለች። እኔ በሁለቱ መሐል ተገትሬያለሁ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ማንም።

ትናንት ከምሳ በፊት ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ ነገርኳቸው። ስለ ጣቶቼ፣ ስለ መዳፌ፣ ደግሜ ስለመጫኔ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሜሮን ልጇን ወደ ደረቷ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስካለ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ሁሉ ዳገት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እጇን አንስታብኝ አታውቅም። መታችኝ። መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በቡጢ፣ ከዚያ እጇ በገባው ሁሉ፤ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሜ አገጬ ላይ ወረደ። እኔ አልተከላከልኩም። ሲደክማት ነጠላዋን አስተካከለችና «ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ።

ግቢ ውስጥ ዝናቡ ሥር ቆሜ ወንፊቱን ስትመታ ሰማሁ። ለአራሷ ዱቄት እየነፋች ነው። ቆይቶ የገብሱ ሽታ በመስኮቱ ወጣ። «እፍ በይው ልጄ፣ ቀስ በይ» ስትላት ሰማሁ፤ ሜሮን አልቅሳ እንደሆነ ድምጿ ያስታውቃል፣ ግን ትበላ ነበር። ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም። ተናድጄ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አላልኩም። አውቄ ነው ያቃጠልኳት፤ አውቄ ነው በእናቷ ያላከክኩት። ገንፎው ተበልቶ አለቀ፣ ማንም ግባ አላለኝም። እርስዎም ግባ እንዳይሉኝ።