ከራሳቸው አፍ ብቻ

በዚያ ክረምት መርሳ ላይ ሥራዬ የሰውን ስሜት እየጠየቅሁ ቁጥር መጻፍ ነበር። ትምህርት ቤታችን በተፈናቃይ ሲሞላ እኛ አስተማሪዎቹ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን መጠይቅ ያዝን። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተክዘዋል? እንቅልፍስ አጥተዋል?» ይላል። መልሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «በየቀኑ» ይደርሳል፤ በጭራሽ ዜሮ ነው። ድምሩ ከፍ ያለ ሰው ከደሴ ለምትመጣው የአእምሮ ጤና ነርስ ይላካል፤ ዝቅ ያለበት ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

የእኛን አገር ሰው ግን እንዴት ነህ ብለህ ጠይቀህ ምሬት አትሰማም። ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን ፈጣሪውን ሳያመሰግን ሌላ ቃል አይናገርም። ይህን መጠይቅ ያዘጋጀ ሰው ወሎን በካርታም አላያትም እያልሁ ስንት ቀን ተበሳጨሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቆቦ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ፊት ተቀመጥሁ። ከወልድያ አቅጣጫ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በአስፋልቱ ላይ ፍራሽና በግ አንድ ላይ የጫኑ መኪኖች ወደ ውርጌሳ ይነጉዳሉ።

«አባባ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተክዘዋል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ።»

አጠገባቸው የነበሩት ሴትዮ አላስቻላቸውም። «ኧረ ወላሂ አይተኙም! ባለቤታቸው መራመድ አቅቷት እዚያው ቀርታለች፤ ስልኩም አይሠራ። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት።»

«ተይ አንቺ፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ ሽማግሌው። «አላህ ላይ ክስ ላጽፍ ነው?»

እስክሪብቶዬን «በየቀኑ» ላይ አሳረፍሁ። ሥልጠናው ላይ ግን መልስ ከራሳቸው አፍ ብቻ ተብለናል፤ የሰው መልስ ያስተካከለ ባልደረባችንም በዚያው ሳምንት ተባሯል። ፈራሁ። «በጭራሽ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የቀሩትም ጥያቄዎች እንዲሁ አለቁ።

ስነሳ እጄን ያዙ።

«አድክሜሽ ይሆናል፣ ልጄ፤ አፉ በይኝ።»

ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ወይም ሞት ሲሸተው እንዲህ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም «አፉ ብያለሁ» ይላል። አላውቅም አልል፣ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ግን ቸኩያለሁ፣ በመጠይቁም ተናድጃለሁ። «ምን አጠፉና፣ አባባ!» ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስመጣ ምንጣፋቸው ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ማታ ሁላችንንም አንድ በአንድ አፉ በሉኝ አሉን» አሉ ሴትዮዋ። «እኛም አልን። ጎህ ሲቀድ ወደ ሚስቴ ብለው ሄዱ።»

ሮጬ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። መኪናውም ጋሪውም እግረኛውም ወደ ደሴ ነው። ወደ ወልድያ የሚሄድ አንድም ሰው አይታይም። ድምፁ ከትናንቱ ቀርቧል።

ቢሮ ስመለስ አስተባባሪያችን ወረቀቶቹን ይዞ ለመውጣት እየተጣደፈ ይደምራል። የሽማግሌውን አነሳ። «ዜሮ። እኚህ ደህና ናቸው» ብሎ ከደህናዎቹ ክምር ላይ ጣለው።

ከሰዓት በኋላ እኛም መርሳን ለቀቅን። ከዚያ ወዲህ ስለሳቸው የሰማ ሰው አላገኘሁም። ከእኔ የለመኑት ሁለት ቃል ነበር፤ እሱንም ነፈግኋቸው።