ቆማ የምትሮጥ መኪና

አባቴ ጡረታ ሲወጣ አስቀድመው የተቸገሩት እጆቹ ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌርነት ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ሲያካልል ኖሮ መካነ ኢየሱስ ቤታችን ሲገባ መቀመጥ አቃተው። የበሩን ማጠፊያ ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል። የእናቴን ኩራዝ ሳይበላሽ ይጠግናል። እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ በተወለድኩበት ከተማ ተመድቤ፣ እንደ እሱው ቁጭ ማለት የማልችል ሰው። ከትምህርት ቤት ስወጣ አውቶቡስ ወደሚቆምበት ሜዳ ወርጄ ወደ ደብረ ታቦር የሚሳፈረውን ሰው አይቼ እመለሳለሁ። የምሄድበት ቦታ ኖሮኝ አልነበረም። የምፈልገው መሄዱን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በእህል ጭነት መኪና የምትጎተት፣ ሸራ የለበሰች አሮጌ መኪና ይዞ መጣ። ድሮ ራሱ ሲነዳት የኖረች፣ መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቷ አብቅቷል ብሎ የጣላት ናት። ሞተሯ ደርቆ አይዞርም። እናቴ ከጓሮ ወጥታ አየቻትና ጎመኑ ላይ እንዳያቆማት ነገረችው።

በማግሥቱ የሞተሩን እሳት ማቀጣጠያ ካንዴላዎች ነቅሎ በየቀዳዳቸው ዘይትና ላምባ ቀላቅሎ አፈሰሰና ይጠጣ ተዉት አለ። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ማኖቤላውን፣ ያን ከፊት የሚገባውን የብረት ማስነሻ፣ ይዤ እታገላለሁ። በጉልበት አይሆንም ይለኛል፤ አልሰማውም። ከዕለታት ባንዱ ብረቱ ከእጄ ጋር ቀስ ብሎ ዞረ። ደረቴ ውስጥም የሆነ ነገር አብሮ የዞረ መሰለኝ። ያን ቀን ተማሪዎቼን ምን እንዳስተማርኳቸው አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ማስነሳት ነው ብዬ ስጠብቅ አባቴ ጭራሽ ሞተሩን በታተነው። የሚታጠበውን አጠበ፣ የሚፋቀውን ፋቀ። የአየር ማጣሪያውን ደጋግሞ በላምባ አጥቦ፣ የእስቴ አቧራ በዚህ በኩል አንዴ ከገባ ፒስተኑን እንደ ሞረድ እንደሚበላው አሳየኝ። ዘይት ሲጠቁር ሥራውን ሠራ ማለት ነው፣ ሳይቀየር ሲቀር ነው ጠላት የሚሆነው አለኝ። እሰማዋለሁ፤ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

ቤንዚን በፈቃድ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሞተሩ ተገጣጥሞ ሲያበቃ አንድ ነጋዴ ከደብረ ታቦር በጄሪካን አመጣልን። እኔ ማጥለያውን ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ጠበቀ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ በንኖ እጅን ያቀዘቅዛል፤ ይሄኛው ግን ቅባቱን ትቶ ቀረ። ላምባ ተቀላቅሎበታል። ለሞተር አይሆንም፣ ለኩራዝም ቢሆን ቤት ያቃጥላል ብሎ ለዕቃ ማጠቢያ አስቀመጠው።

“አባዬ፣ አንዴ እንኳ እንሞክረው እንጂ” አልኩት። “እስከ መቼ ነው እርስዎ ሲያጥቡ የምንኖረው?”

“ይነሳል፤ መነሳቱ አይደለም” አለ እጁን እየጠረገ። “ዛሬ ተነስቶ ነገ ማንኳኳት ይጀምራል። አንቺ የምትፈልጊው መንገድ ነው። እኔ የምፈልገው ሞተሩን ነው።”

እውነቱን ነበር። ተናድጄ ያን ቀን እስኪመሽ የከተማውን ዳር ዳር ስዞር ዋልኩ።

ንጹሑ ቤንዚን የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። መኪናዋ ተነሳች፤ ስትነሳ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ወጣ። ገበያ በማይውልበት ቀን አባቴ ገበያው ሜዳ ላይ መንዳት አስተማረኝ። ከከተማ ለመውጣት ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀቱ ሲገኝ ደግሞ ቤንዚኑ አለቀ። እንደገና ሸራ ለበሰች። አባቴ በየሳምንቱ እየገለጠ ይወለውላታል፤ እኔ በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ጎማዋን በእግሬ እመታለሁ።

በዚህ መሀል የከተማው ወፍጮ ተሰበረ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅ ቀረ፤ ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋይ ወፍጮው ተመለሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር እቤታችን መጥቶ የመኪናዋ ሞተር ወፍጮውን ማዞር ይችል እንደሆነ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ቤንዚን የለም አለ። ሊቀመንበሩ ላምባ ከማኅበሩ ሱቅ እንደሚሰጥ፣ ለማስነሻ ያህል ጥቂት ቤንዚንም እንደሚያስፈቅድ ነገረው። አባቴም ይህ ሞተር ለላምባ አልተሠራም፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል ብሎ ሊያሰናብተው ተነሳ። ያን ጊዜ እናቴ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነች በሩ ላይ ቆመች።

“መኪናዋ ተሸፍና ትተኛለች፤ እኔ ወፍጮ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ” አለች። “ለመሆኑ ሞተሩን ለማን ነው የምታቆየው?”

እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቴ በማግሥቱ መኪናዋን ነድቶ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አቆማት።

አንዱን የኋላ እግሯን በድንጋይ ከፍ አድርጎ ጎማውን ፈታና በባዶው የብረት ቸርኬ ላይ የወፍጮውን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ጠመጠመ። ላምባው በከፋ ሁኔታ እንዳይጎዳት ያላሰበው ነገር አልነበረም። በጥቂት ቤንዚን ያስነሳታል፤ በደንብ ስትሞቅ ወደ ላምባው ያዞራታል፤ ከማጥፋቱ በፊት ደግሞ መልሶ ቤንዚን ያጠጣታል። ቆማ ስለምትሠራ ነፋስ አያገኛትምና ራዲያተሩን ከበርሜል ውኃ ጋር አገናኘው። ሳይቃጠል የሚቀረው ላምባ ወደ ዘይቱ እየወረደ ስለሚያቀጥነው ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ቀኑን ሙሉ አንዱን የዱላ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣታል።

እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ መሪው ጋ እቀመጥ ነበር። ማርሹ ገብቷል፣ የፍጥነት ቆጣሪው ቀስት ወጥቶ ቆሟል፣ ሸራው ይንቀጠቀጣል፤ ከፊቴ ግን ያው ወፍጮ ቤትና እህል የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ከሁሉ የባሰብኝ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ነው። መኪናዋ ከድንጋዩ ሳትወርድ እሱ ይጨምራል። ደብረ ታቦርን አለፍን፣ ባሕር ዳርን አለፍን እያልኩ ማስላት ጀመርኩና ሲብስብኝ መሀረቤን አለበስኩት። በዚያው ሰሞን ወዴትም ይሁን ብቻ ዝውውር ጠየቅሁ።

የደረሰኝ ስማዳ፣ ወገዳ ነው። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ወገዳም ከደረስኩ በኋላ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እዚያም ማታ ማታ የመኪናውን መንገድ ይዤ እራመዳለሁ። አባቴ በሹፌሮች ይልክብኛል፤ መልእክቱ ሁሉ ስለ እሷ ነው። ድምፅዋ ደህና ነው። የፒስተኑ ፋሻ፣ ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት፣ ሳስቷል። ዘይት መብላት ጀምራለች።

ከተማችን አዲስ የናፍጣ ወፍጮ ባገኘ በጋ አባቴ ጎማዋን ገጥሞ ወገዳ ድረስ መጣ። ከእሱ በፊት የደረሰው ከሚቃጠለው ዘይት የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ነበር። ትምህርት ቤት ለዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር አብሬው ወደ ቤት ተነሳሁ። መሪውን ለእኔ ለቆ በጎን ተቀመጠ፤ እያዳመጠ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ዳገት በመጣ ቁጥር ፈርቼ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ።

“አትፈሪላት” አለኝ። “ከእንግዲህ የምናስቀምጥላት ቀን የለም። ንጂ።”

ነዳኋት። በሕይወቴ የናፈቅኩት መንገድ ይኸው ከፊቴ ተዘርግቷል፤ እኔ ግን መንገዱን ማየት ትቼ እሷን ሳዳምጥ ነበር። አንዱን ረጅም ዳገት ልንጨርስ ስንል እንደ መዶሻ አንኳኳች፤ ከዚያ ጸጥ አለች። ከሥር ዘይቱ አፈሩ ላይ ይንዠቀዠቃል።

አባቴ ወርዶ ኮፈኗን ከፈተ። ጥቂት ተመለከተና ምንም ሳይነካ ዘጋው። ይፈታታል ብዬ የመፍቻውን ሳጥን ባወርድ መልሺው አለኝ። ከመንገዱ ዳር ግራር ሥር ጋቢውን አነጠፈ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገና ተኛ። በቀን ሲተኛ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ የሚጎትተን መኪና ይመጣ እንደሆነ እስከ መንገዱ ጠመዝማዛ እየወጣሁ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ የጭነት መኪና ሲያቃስት ሰማሁ። ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ ስለሳሳሁለት ወዲያው አልቀሰቀስኩትም።