ልጄ ቃሌን ያላመነችበት ፈተና

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ የማይወጣው፣ ጢሜ እስኪሸብት ድረስ በሰው ፊት ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ስለተናገርኩበት ነው። ያንን ቃል ያናገረችኝ ደግሞ የገዛ ልጄ ናት።

እኔ ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ሮቢት አጠገብ ማሽላና ሽንኩርት የማመርት ገበሬ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዘምዘም ትባላለች። ስለ እሷ ስጽፍ ብኩራራ አንባቢ ይታገሰኝ። ሚስቴ ሐዋ እንኳ «አንተ ሰውዬ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ ልጄ ልጄ ትላለህ» እያለች ታሾፍብኛለች።

ዘምዘም የምትማረው የጥርስ ሕክምና ነው። መጀመሪያ ይህንን ስትነግረን ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብን። «ለጥርስ ስድስት ዓመት? ጉጠት ያለው ሰው ጠፍቶ ነው?» ያላለኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ እንደዚያው ብያለሁ። በጎረምሳነቴ ዋጃ ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ የመንጋጋ ጥርሴን በጉጠት ነቅሎልኛል። ዙሪያዬን የከበበው ሰው ትንፍሽ እላለሁ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። አላልኩም። እኛ ዘንድ «አመመኝ» ያለ ጎረምሳ በሠርግ ላይ መሳለቂያ ዘፈን ይወጣለታል።

ኋላ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ያደረሳት ደጃፉ ድረስ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ከየአገሩ ከተሰበሰቡ ጎበዞች ጋር ተወዳድራ ነው ለጥርስ ሕክምና የተመረጠችው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ከገቡ በኋላም ውጤት ከወረደ መሰናበት አለ። መሐል ላይ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ስልክና መንገድ ተዘግቶ ድምጿን ሳንሰማ የከረምንበት ጊዜም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ያንን ሁሉ አልፋ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረሰች።

ጥቅምት ላይ ጥንቅሽ ሲደርስ፣ ዘምዘም ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትወደው አንድ እስር ቆርጬ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ድረስ ልጠይቃት ከቆቦ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ አንዱን አገዳ በጥርሴ ስልጥ የኋላ ጥርሴ ቀጭ አለ። ከድሮም ተቦርቡሮ ነበር፤ ያን ቀን ለሁለት ተከፈለ። እስክደርስ ድረስ ጉንጬን በጋቢዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

ስደርስ ልጄ ፊቷ ገርጥቷል። በማግስቱ ጥርስ የመንቀል የተግባር ፈተና አለባት። ተማሪው ሁሉ ጥርሱ መነቀል ያለበትን ታካሚ ራሱ ፈልጎ ያመጣል። እሷ የግቢውን ዘበኛ አዘጋጅታ ነበር፤ እሱ መርፌ መኖሩን ሲሰማ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ።

«እና የኔን ንቀይዋ!» አልኳት አፌን ከፍቼ።

በስልኳ መብራት አየችው። ደነገጠች እንጂ አልተደሰተችም።

«አባ፣ ቀልድ አይደለም» አለችኝ። «ፈተናው መንቀሉ ብቻ አይደለም። ታካሚው ሳይደነዝዝ ከነቀልኩ ወደቅኩ። ያለ ምክንያት ማደንዘዣ ከጨመርኩም፣ ሰዓት ካለፈብኝም እንደዚያው። የጽሑፉን አንደኛ ብወጣ እንኳ ይህንን ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ።»

«ታዲያ ከእኔ የተሻለ ታካሚ ከየት ታመጫለሽ? ዝም ብዬ ነው የምቀመጥልሽ፣ ወላሂ!»

ያ መሐላዬ ነው ጣጣ ያመጣው።

ጠዋት ደሜን ለኩኝ፣ ራጅ አነሱኝ፣ ይነቀላል ተባለ። ዘምዘም ለፈታኙ ዶክተር «አባቴ ናቸው» ብላ በግልጽ ነገረችው። ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። «አባትሽም ቢሆኑ ሚዛኑ ያው ነው» ብሏት ማስታወሻውን ይዞ ከጎኗ ቆመ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ሌሎች ተማሪዎችም ከየታካሚያቸው ጋር አሉ። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ጓንት አጥልቃ «ቢስሚላህ» ስትል ሰማኋት። እኔም በልቤ ተከተልኳት።

መርፌውን ወጋችኝ። ቆይታ ድዴን በሹል ነገር ነካ አደረገችኝ።

«ያምዎታል?»

አመመኝ! እስከ ጆሮዬ ነው የዘለቀው። ነገር ግን «ያመኛል» ብል መርፌውን አበላሸች ይሏታል ብዬ ሠጋሁ። ደግሞስ መቼ ብዬው አውቃለሁ!

«አያመኝም» አልኳት።

አሁንም ነካችኝ። «እውነት አያምዎትም?»

«አያመኝም አልኩሽ! ንቀይ!»

እሷ ግን ዓይኔን ትታ እግሬን ታያለች። ሸበጥ ነበር የተጫማሁት። የእግሬ ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል፤ ለራሴም አልታወቀኝም። ዘምዘም ልጅ ሳለች አንድ ቀን ጊንጥ ነድፎኝ ማንም ሳያውቅ እራቴን በልቼ ተነስቻለሁ። ያን ጊዜም እግሬን አይታ ለእናቷ የተናገረችው እሷ ነበረች።

ያነሳችውን መንቀያ መልሳ አስቀመጠች።

«ለምን ቆምሽ?» አላት ፈታኙ። «ታካሚው አያመኝም ብለዋል። ሰዓትሽ እየሄደ ነው።»

«ዶክተር፣ አባቴ እያመማቸው ነው» አለች። «የእኛ አገር ሰው አመመኝ አይልም። ቃላቸውን አምኜ አልነቅልም። ማደንዘዣ እጨምራለሁ።»

ፈታኙ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እኔ ደሜ ፈላ። በገዛ ልጄ፣ በሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ! በዚያ ላይ ሰዓቱ ይሮጣል። ከጎናችን ያለው ልጅ ነቅሎ ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነው። «ይቺ ልጅ እልኸኛ ናት፤ ዓመቷን አቃጠለችው» አልኩ በሆዴ። እልኹን ከማን እንደወረሰች ግን አልጠየቅኩም።

ሁለተኛውን መርፌ ወግታ ጠበቀች። ያ ጥበቃ ከአውቶቡሱ መንገድ ይረዝም ነበር። ከንፈሬ እየከበደ እየከበደ ሄዶ የሌላ ሰው ከንፈር መሰለኝ። እንደገና ስትነካኝ በእርግጥም ምንም የለም። «አሁን አያመኝም» አልኳት። እሷ መጀመሪያ እግሬን አየች፤ ከዚያ ነው መንቀያውን ያነሳችው። ያ ለሁለት የተከፈለ ጥርስ ከነሥሩ፣ አንድም ስባሪ ሳይቀር ወጣ። ዋጃ ገበያ ላይ ያየሁትን ስቃይ አስታውሼ ተገረምኩ።

ጥጡን ነክሼ ልነሳ ስል ፈታኙ በእጁ መለሰኝ።

«አባት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለኝ። «ከሁለተኛው መርፌ በፊት በእርግጥ ያምዎት ነበር? አሞዎት ከነበረ ልጅዎ ልክ ናት። ካልነበረ ግን ያለ ምክንያት መድኃኒት ጨምራለች፣ ሰዓትም አባክናለች። ሁለት ጊዜ አያመኝም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ተማሪዎቹም ታካሚዎቹም ዞረው አዩኝ። ከታካሚዎቹ አንዱ በአነጋገሩ የእኛው አገር ሰው መሆኑን ጠዋት ለይቼዋለሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቆቦ እንደሚገባ አልጠፋኝም። ዘምዘምን አየኋት። አልለመነችኝም፤ ዓይኗን እንኳ አላነሳችም። ስድስት ዓመት ያሳለፈችው ሁሉ እኔ አፍ ውስጥ ነበር።

«አሞኝ ነበር» አልኩ።

አንደበቴ ደንዝዞ፣ ጥጥም ስላለበት አልተሰማም መሰለኝ። ጥጡን አውጥቼ ጮክ ብዬ ደገምኩት፦

«አሞኝ ነበር! ሁለቴም አሞኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ልክ ናት።»

ላብ አጠመቀኝ። ፈታኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ይህንን ለመናገር ምን ያህል እንደከበደዎት አይቻለሁ፤ ስለዚህ አምኜዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ታካሚ አያመኝም ሲል ፊቱንም አካሉንም እዩ፤ እሷ ዛሬ ያደረገችው ይህንን ነው» አላቸው። ዘምዘም ያኔ ነው ያለቀሰችው። አለፈች። ዘንድሮ ተመርቃለች።

ወሬው እንደፈራሁትም ቀድሞኝ ቆቦ ገባ። «ልጁ ፊት አለቀሰ» ተብሎ ተጨምሮበት ነው የጠበቀኝ። ገበያ ላይ ሲያሾፉብኝ መጀመሪያ አቃጠለኝ። አሁን ግን ሳይጠይቁኝ እኔው እነግራቸዋለሁ። «አዎ፣ አሞኛል ብያለሁ! እናንተ ዶክተር የምትሆን ልጅ አምጡና እናንተም በሉ» እላቸዋለሁ።

በቅርቡ ሽንኩርቴን ውሃ እያጠጣሁ ጎረቤቴ አያ ይመር መጣ። ሰፈራችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሾፈብኝ እሱ ነው። በወጣትነቱ እግሩ ተሰብሮ ሲታሽ ይቀልድ ነበር የሚባልለት ሰው ነው። ቆሞ ስለ ውሃው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ፤ አልሄድ አለ።

«ያቺ ልጅህ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ምነው አያ ይመር?»

ግራ ቀኙን አየ። ከእኔና ከሽንኩርቱ በቀር ማንም የለም። እንደዚያም ሆኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሞኛል» አለኝ። «ጥርሴን። ከክረምት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

አልሳቅኩበትም። ስልኬን አውጥቼ ለዘምዘም ደወልኩና ሰጠሁት። አያ ይመር ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «ዶክተር፣ እኔ ነኝ፣ ይመር ነኝ» ሲላት፣ ያን ሰዓት የተሰማኝን ኩራት የቆቦ ሜዳ እንኳ የሚችለው አልመሰለኝም።