ያልተለቀመ ጎመን ዘር

ዱባይ አጠገብ ዓጅማን ከተማ የምሠራላት ማዳም ከሟች እናቷ የወረሰችው ከባድ የብረት መጥበሻ ነበራት። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋው ዝጎ ነበር። ማዳም አዝና ስታሳየኝ ሳቄ መጣ፤ ምጣድ ማሟሸት ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ያስለቅሳል? ዝገቱን በጨው ፈግፍጌ አወጣሁት፣ እሳት ላይ አደረቅሁት፣ ከዚያ ጎመን ዘር ወቅጬ በጨርቅ ደጋግሜ አሰስኩት። ቤቱ በጭስ ታፈነ። በማግስቱ እንቁላሉ ሳይዝ ሲንሸራተት ስታይ፣ ከእኔ በቀር ማንም መጥበሻውን እንዳይነካ አዘዘች።

ጎመን ዘሩን የምትልክልኝ እናቴ ናት። ለንግድ ዱባይ፣ ዴይራ ገበያ የምትመላለስ የሰፈራችን ሴት አለች፤ በእሷ እጅ በርበሬና አንድ ቋጠሮ ጎመን ዘር ይመጣልኛል። እናቴ እህል ስትለቅም ለጉድ ነው። ከእኔ እህል ጠጠር የነከሰ ይክሰሰኝ እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። ከታመመች በኋላ እንኳ ትሪውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተኝታ እንደምትለቅም እህቴ ነግራኝ ነበር።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ በመንግሥታችን የታገደው እኔ እዚሁ እያለሁ ነው። እገዳው ለአዲስ ሂያጅ ነው ቢባልም፣ ለዕረፍት የገቡት ሁሉ ቦሌ ላይ እየተመለሱ እንደሚቀሩ ነበር የምንሰማው። የእናቴ ሕመም ሲብስ ማዳም ሂጂና ጠይቂያት አለችኝ። የእሷ በር ክፍት ነው፣ የተዘጋው የእኛው ነው። ብሄድ መመለሻ የለኝም፤ ካልተመለስኩ መድኃኒቷን ማን ይገዛል? ወዲህ ገደል ወዲያ ገደል ሆነብኝ። እናቴም በስልክ ባለሽበት ሁኚ አለችኝ፤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ስደውል ስልኩን የምታነሳው እህቴ ሆነች።

"ተኝታለች እታለም" ትለኛለች።

ጠዋት ብደውል ተኝታለች፣ ማታ ብደውል ተኝታለች። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ያለፈ ለማሰብ ግን ፈራሁ።

አንድ ዓርብ ዴይራ ወርጄ ነጋዴዋን አገኘኋት። ቋጠሮዬን ሰጠችኝና ሻንጣዋን ትጎረጉር ጀመር። እናቴን እንዴት አየሻት ስላት፣ ደህና ናት ብላ ስለ ዱባይ ሙቀት ማማረር ያዘች።

ቤት ገብቼ ጎመን ዘሩን ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። ገለባ አለው። በጣቴ ብዳብሰው ጠጠርም አለው። ዓይኗ እያየ እንዲህ ያለ እህል ከእናቴ ቤት አይወጣም። ትሪውን ይዤ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ያገር ልጅ አንድ ቤት ተሰብስቦ ይጠራዋል፣ መሐል አስቀምጦ ያረዳዋል። በሳምንቱ ዱባይ ካራማ ሰፈር በጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ ቢድ ስፔስ፣ የተከራየች የአክስቴ ልጅ ደወለችና ዓርብ ምሳ እኛ ጋ ነሽ፣ እንዳትቀሪ አለችኝ። ይቺ ልጅ ሻይ እንኳ ጋብዛኝ አታውቅም። ከኋላዋ ብዙ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማ ነበር፤ ስሜን ስትጠራ ሁሉም ዝም አሉ። ሹግል፣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ዋሸኋት። ግን ግድ የለም፣ ዓርብ እንጠብቅሻለን ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ማዳም ኩሽና አገኘችኝና ለምን እንዳልወጣሁ ጠየቀችኝ። ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠጠር እየለቀምኩ ነበር። ስልኬ አጠገቤ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጮኻል።

"ኸላስ፣ በቃ፣ መጥበሻው ንጹሕ ነው እኮ" አለችኝ።

"ገና ነው ማዳም" አልኳት።

ለቅሜ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ካራማ እስካልሄድኩ ድረስ እናቴ ተኝታለች።