ከታንከሩ እግር ሥር የተደለደለው ጠጠር

ጋሽ ጭነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። ሥራውን ከተዉ በኋላም ቢሆን ቤት የሚሠራ፣ ግቢ የሚያስተካክል ሁሉ ሳያማክራቸው ጠጠር አይገዛም። «የተፈጨው ይሻላል ወይስ የወንዙ?» ተብለው ሲጠየቁ አንድ ቀን እንኳ «እንጃ» ብለው አያውቁም።

ታናሽ እህታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር በአራት የብረት እግር ስታስቆምም፣ ከእግሮቹ ሥር የሚደለደለውን ጠጠር የጠየቀችው እሳቸውን ነው።

«የወንዙን አድርጊ» አሏት። «ክብ ነው፤ የነገሩትን ይሰማል። የተፈጨው ግትር ነው።»

ይህን ያሉት በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ነው። የወንዝ ጠጠር ጭነው መንገዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ካንገጫገጫቸው፣ ጭነቱ ራሱን አስተካክሎ እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። የተፈጨው ግን ተቆልሎ ተነሥቶ እንደተቆለለ ይደርሳል። ጋሽ ጭነት የሚተኛውን ወደዱት።

ታንከሩ በተሞላ በአሥረኛው ቀን እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው አንደኛው እግር ሰመጥ ያለ መሰላቸው። «ዓይኔ ነው» ብለው አለፉት። እህትየው ጥላ አገኘሁ ብላ የስፌት ማሽኗን ከታንከሩ ሥር ዘርግታለች።

በማግስቱ ማለዳ ተመልሰው ሄዱ። ከእሷ ክር ወስደው ጫፉ ላይ ቡሎን አሰሩና ከእግሩ አናት ላይ አንጠለጠሉት። ቡሎኑ ከእግሩ ግርጌ አንድ ጣት ያህል ርቆ ቆመ፤ እግሩ ዘሟል።

«ጋሼ፣ ምን እየለካህ ነው? ሱሪ ልታሰፋለት ነው?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያውማ ክሬን ጨረስከው!»

መለካት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣት ሆነ። ሁለት ሺህ ሊትር ሁለት ቶን መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«እቱ፣ ማሽኑን ወደ ቤት ብታስገቢው ምናለበት? ነፋሱ ጥሩ አይደለም።»

«ውስጥ ይጨልማል። ዩኒፎርሙን ደግሞ ሰኞ ማድረስ አለብኝ። ነፋሱን አንተ ፍራው!»

እውነቱን ሊነግሯት ፈልገው ተዉት። የተከበሩበት ነገር ነዋ። ደግሞስ ከእሷ በፊት ለስንት ሰው ይህንኑ ምክር ሰጥተዋል?

በአራተኛው ቀን ካፊያ ጣለ። ሮጥ ሮጥ እያሉ ደረሱ። ሦስት ጣት! ክሩን እንኳ ሳይፈቱ የታንከሩን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ኧረ ጋሼ! ስንት ቀን ጠብቄ የሞላሁት ውሃ ነው!»

«ተነሺ ከዚያ!» ብለው ጮኹ። «ማሽኑን ተይው፣ አንቺ ተነሺ!»

እህትየው ጨርቁን ታቅፋ ከታንከሩ ሥር ወጣች።

«ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ክቡ ጠጠር ክብደት ሲጫነው ይንሸራተታል፤ ከእግሩ ሥር እየሸሸ ነው። እርስ በርሱ ተናክሶ የሚይዘውስ የተፈጨው ነበር።»

ታንከሩን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን።

«ድንጋይ አውቃለሁ ስትል አልነበር እንዴ?»

«ማመላለሱን ነው የማውቀው፣ እቱ።»

ውሃው እንዳይባክን ባልዲ ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ታንከሩ እስኪቀል ገና ብዙ ይቀረዋል። ባልዲውን ይዛ ስትመለስ ጋሽ ጭነት በሩ ላይ ጠበቋት።

«ስጪኝ፣ እኔ እቀዳለሁ። አንቺ ከዚህ እንዳታልፊ።»

ባልዲውን ተቀብለው ብቻቸውን ከታንከሩ ሥር ገቡ።