የልብስ ማጠቢያው ሕዋስ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስንት ዓመት ሙሉ በጊዜያዊነት አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። በረኪናው እጇን ሰነጣጥቆታል፤ አንድ ቀን ብትታመም በማግስቱ ሌላ ይቀጠርባታል። ቋሚ የሆኑት ሁሉ የፓርቲ አባላት መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። እሷም ገባች። ዓላማውን ብትጠየቅ አንድ መስመር አትመልስም፤ የጠየቃትም የለም።

ሕዋስ የሚሉት አምስት ስድስት ሰው ነው፤ አርብ አርብ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ሰብሳቢው የመጋዘን ኃላፊው ነው፤ ፊት ለፊት "ጓድ"፣ ዞር ሲል "እንደተባለው" ይሉታል። ከበላይ የመጣውን "እንደተባለው" እያለ ያነባል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ግለሂስ ነው። ወጉ ራስን እየወቀሱ ማሞገስ ነው። አንዱ ተነሥቶ "ሥራ ከያዝኩ ምሳዬን እረሳለሁ፤ ይህ ድክመቴ ነው" ይላል፤ ሌሎቹ እንዳዘነ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያቅለሸልሻል።

ሰብሳቢው "አዲስ አባል ያመጣ ለቋሚነት ይታሰብለታል" ሲል፣ አጣቢዋ እዚያው ጽዳት የምትሠራ ታናሽ እህቷን ጎትታ አመጣች። ወጉን ግን ሳታስረዳት ቀረች። እህት ተራዋ ደረሰና ተነሣች።

"እኔ እንኳን ስለ ፖለቲካ ምንም አላውቅም። እትዬ ቋሚ እንድትሆንልኝ ብዬ ነው የገባሁት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ብትዋሽ ኖሮ ማንም ባልደነገጠ። ሰብሳቢው "እንደተባለው" ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ታላቋ ዞረ።

"ያመጣሻት አንቺ ነሽ፤ ሂሱንም አንቺ ጀምሪ።"

አጣቢዋ ገባት። ወይ እህቷን ወይ እንጀራዋን መምረጥ ነበረባት።

"ጥቅመኛ ናት" አለች። "የገባችው ለሆዷ ነው። ከአባልነት ትሰናበት።"

የማን ሆድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከስድብ በላይ ያስጠላል።

"እኛ ዘንድ የሚወሰነው በሙሉ ድምፅ ነው" አለ ሰብሳቢው። እጆች ወጡ። የቀረው የእህት እጅ ብቻ ነበር፤ እስክትሰናበት ድረስ እሷም አባል ናትና ይጠበቃል። ግራ ገብቷት ሁሉንም ቃኘችና ታላቋ ላይ ዓይኗን አሳረፈች።

"እኔም ላውጣ እንዴ፣ እትዬ?"

አጣቢዋ መሬት መሬት እያየች፣ "አውጪ" አለቻት።

እህት እጇን አወጣች። ተጨበጨበ፤ አጣቢዋም አጨበጨበች።